የተሰነጠቀችው መስተዋት

ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት አዲስ አበባ፣ ገርጂ ውስጥ ቤት ነበራቸው። ቦታውን በደርግ ጊዜ ባለቤታቸው ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ጋር በማኅበር ተደራጅተው ነው የተመሩት። ግድግዳው ከደመወዝ እየተቆነጠረ፣ ጣሪያው በዕቁብ ብር ቆመ። ከፊት ሳሎንና ሦስት መኝታ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ፣ ግቢው ውስጥ ኮባና ጽጌረዳ። ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፤ ሁለቱ ወንዶች ውጭ ሄዱ፣ ሴቷ አግብታ አያት ኮንዶሚኒየም ገባች። እናትየው ጉልበታቸው እየከዳቸው ሲመጣ ቤቱን ሸጠው ሴት ልጃቸው አጠገብ ትንሽ ቤት ሊገዙ፣ የቀረውን ገንዘብ ለልጆቻቸው ሊያካፍሉ ወሰኑ።

ቤቱ አንድ ነገር ነበረበት። በሳሎኑ የምሥራቅ ጥግ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ኮርኒሱ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ። ክረምት ላይ ፀጉር ታክላለች፤ ጥርና የካቲት ላይ የሳንቲም ጠርዝ ታስገባለች። ይህ በዚያ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዋ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ስትሰፋ ያገኘችው ሜዳ ብዙው ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ ማሳ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣው ያው አፈር ነው። አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ ካልተተካ፣ ወይም መሠረቱ በጥልቀት ካልወረደ፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ቤት አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። በአንድ ወገን ከፍ ብሎ በሌላው ሲቀር ደግሞ ግድግዳው ይሰነጠቃል። እናትየው ስንጥቁን ያውቁታል፤ ባለቤታቸውም በሕይወት ሳሉ በየሁለት ዓመቱ በሲሚንቶ ይደፍኑት ነበር። በየሁለት ዓመቱም ይመለሳል።

በኅዳር ትልቁ ልጅ ከሲያትል መጣ። ሽያጩን ጨርሶ፣ ገንዘቡን አከፋፍሎ በጥር መጨረሻ ሊመለስ ነው ሐሳቡ። ሲያትልና አካባቢዋ ቤትን ለሽያጭ ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራውን አስጀመረች የምትባለው ቤት አሻሻጭ ባርብ ሽዋርዝ የዚያው አካባቢ ሰው ነበረች። እዚያ ሻጭ ቤቱን ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ትርፍ ዕቃውን ያወጣል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ሶፋና ሥዕል ተከራይቶ የሚያስገባም አለ። ልጁ የራሱን ቤት እንዲህ አድርጎ ሸጦ ያውቃል።

መጀመሪያ የሠራው ሥራ ጥሩ ነበር፤ ይህ ሊመሰከርለት ይገባል። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ቡፌ፣ ሁለት ዙር ሶፋ፣ ቴሌቪዥን የተሸከመ ሣጥን፣ ከምረቃ እስከ ሠርግ የተሰቀሉ ፎቶዎች፣ በላይ በላዩ የተደራረበ መጋረጃ ነበር። ግማሹን አወጣ። ወፍራሙን መጋረጃ አወረደና ስሱን ብቻ ተወ፤ ያኔ ሳሎኑ የጠዋት ፀሐይ እንደሚገባው ታወቀ። መስኮቱን የጋረደውን የኮባ ቅጠል ቆረጠ። የሚንጠባጠበውን የወጥ ቤት ቧንቧ አሠራ፣ የሚያንቋርረውን የበር ማጠፊያ ዘይት ቀባ፣ ሰርቪሱ ውስጥ የተከመረውን ቆርቆሮና አሮጌ ፍራሽ ለቁራሌው ሰጠ፣ ወለሉን አሳጠበ። እናትየው ፎቶዎቹ ሲወርዱ ትንሽ ቢከፋቸውም ነገሩ ገባቸው። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ የሚፈልገው የራሱን አልጋ የሚዘረጋበትን፣ የራሱን ልጆች የሚያስተኛበትን ቦታ ነው፤ የሌላ ሰው ኑሮ ግድግዳውን ሁሉ ሲሞላው ይህን ማየት ይቸግረዋል።

ከዚያ ልጁ ወደ ምሥራቁ ጥግ ዞረ።

ቀለም ቀቢው ስንጥቁን በስፓቱላው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ፋቅ ፋቅ አደረገው። አቧራውን እፍ ብሎ አራገፈ፣ ስቱኮውን በስፓቱላው ጠርዝ አንሥቶ ሁለት ጊዜ እየገፋ ሞላው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። እጁን ደጋግሞ በግድግዳው ላይ አሳለፈ፤ ምንም አልነካውም። ሁለት ዙር ቀለም ከተቀባ በኋላ ስንጥቁ የነበረበትን ቦታ የሚያውቁት እናትየው ራሳቸው እንኳ በትክክል ሊያመለክቱት አልቻሉም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ በበጋ ይመለሳል» አሉት።

«እስከዚያ እንሸጠዋለን፣ እማዬ።»

እናትየው ዝም አሉ። ልጁ ከሩቅ የመጣ፣ ጊዜው የተቆጠረ፣ ለእሳቸው ብሎ የሚደክም ልጅ ነው።

በታኅሣሥ ደላላው ሰው ማምጣት ጀመረ። ከመጡት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳሎኑ መሐል ቆመው ዙሪያውን አዩ፣ ወደ ጥጉ ሄደው ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉት። «ይህ ምን ነበረበት?» ብለው ጠየቁ። ልጁ «ምንም» አለ። ሽማግሌው አመስግነው ወጡ፤ ደላላው ከዚያ በኋላ ስልክ ቢደውልላቸውም አላነሡም። ከእሳቸው ቀጥሎ የመጣ ጎልማሳ ግን ቤቱን ወደደው። ብርሃኑ፣ ግቢው፣ ንጽሕናው ደስ አሰኘው። በዋጋ ተስማሙ፤ 500,000 ብር ቀብድ ሰጥቶ ወረቀት ተጻጻፉ። ውልና ማስረጃ ቀርበው ዋናውን ውል የሚፈርሙት ከጥምቀት በኋላ ሊሆን ተቀጠረ።

ጥምቀት አለፈ። ጎልማሳው ባለቤቱን ይዞ የመጋረጃ ልክ ሊወስድ መጣ። ሚስትየው ሜትሩን ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ከዚያ ሜትሩን ለቀቀችው። አዲሱ ቀለም ላይ ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ላይ የሚሄድ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ነበር። በጥፍሯ ነካ አደረገችው። የስቱኮ ቅርፊት ተነሥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከሥሩም አሮጌው ስንጥቅ ታየ፤ በየሁለት ዓመቱ የተለሰነበት የሲሚንቶ ንብርብር እንኳ ይለያል።

ጎልማሳው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ ነበር። «ስንጥቅ አይቼ አውቃለሁ፤ ብታሳዩኝ ኖሮ አስልቼ እገዛው ነበር» አለ። «አሁን ግን ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ፣ ከሴራሚኩ ሥር ምን እንዳለ፣ ወረቀታችሁ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ ማስላት አልችልም።» ቤቱን እንደማይገዛ ተናግሮ ባለቤቱን ይዞ ወጣ።

ልጁ የዚያን ዕለት ማታ ጠበቃ ወዳጁን አማክሮ መጣ። «እማዬ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን እተዋለሁ ካለ ቀብዱን ያጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚለው። ገንዘቡ የእኛ ነው።»

«ሕጉ ስንጥቅ ሸፍነህ ተቀበል ይላል?» አሉት እናትየው። «የሸሸው እሱ ነው እንዴ? እኛ ነን ያሸሸነው።»

በማግሥቱ ብሩ ተመለሰ። ልጁ አኩርፎ ሄደ ማለት ይከብዳል፤ ግን ዝም ብሎ ሄደ። ቦሌ ሲሰናበታቸው እንኳ ስለ ቤቱ አላነሡም።

እናትየው ከዚያ በኋላ የጠሩት ሰው በሰፈሩ ብዙ ቤት የሠራ ግንበኛ ነበር። ግንበኛው ወደ ሳሎኑ አልገባም፤ መጀመሪያ ቤቱን በውጭ በኩል ዞረው። በምሥራቁ ጥግ ሲደርስ ቀና ብሎ አሸንዳውን አየ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ክርኑ ላይ ተሰብሯል፤ የጣሪያው ግማሽ ውሃ በየክረምቱ ከግድግዳው ሥር አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው አፈር ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከሌላው ቦታ በላይ ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ከሌላው ቦታ በላይ ይወርዳል። ስንጥቁ ሁልጊዜ በዚያ ጥግ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ባለቤታቸው በየሁለት ዓመቱ ሲሚንቶ የሞሉት ከውስጥ ነበር፤ ችግሩ ግን የሚመጣው ከውጭ ነው።

ግንበኛው ቱቦውን ቀየረ፤ ውሃውን ከቤቱ አርቆ ወደ ግቢው ቦይ መራው። የግድግዳውን ሥር ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ባለው የሲሚንቶ ንጣፍ አለበሰው፣ ንጣፉንም ወደ ውጭ አዘነበለው፤ ዝናቡ ወደ መሠረቱ እንዳይሰርግ፣ ፀሐዩም አፈሩን እንዳያደርቀው። ይህን ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ ሳሎን የገባው። ስቱኮውን በሙሉ ፋቀው። ከዚያ ከመስኮት ሰባራ የቆረጣትን፣ ርዝመቷ ጣት የምታህል ስስ የመስተዋት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፎቿን በጄሶ ለጠፋቸው፤ ቀኝ ጫፏ ከስንጥቁ በቀኝ፣ ግራ ጫፏ በግራ። በእርሳስ ጎኗ ላይ ቀኑን ጻፈ፦ የካቲት 20።

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይህች ትሰበራለች» አላቸው። «መስተዋት አይሳብም፤ ወይ ደህና ነው ወይ ይሰበራል። እስከ መስከረም ካልተሰበረች ቤትዎ ተኝቷል ማለት ነው።»

«እስከ መስከረም?»

«አንድ ክረምት ካላለፈበት ምን እናውቃለን፣ እማማ?»

ልጁ በስልክ ይህን ሲሰማ መታገሥ አቃተው። ሰባት ወር ሙሉ አንዲት የመስተዋት ቁራጭ መጠበቅ! እናትየው ግን ቤቱን አርባ ዓመት ግድም ጠብቀውታል።

በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ጣለ። አንድ ጠዋት እናትየው ቡናቸውን ይዘው ወደ ጥጉ ሲሄዱ መስተዋቷ መሐሏ ላይ በቀጭኑ ተሰነጣጥቃ አገኟት። ሴት ልጃቸው መጥታ ነበር፤ «እማዬ፣ ንቀያት፤ ሰው ሳያያት» አለች። እናትየው አልነቀሏትም። ከየካቲት 20 ሥር የተሰበረችበትን ቀን ጻፉና ግንበኛውን አስጠሩ።

ግንበኛው ይህን ጊዜ ቆፈረ። ከሰርቪሱ የልብስ ማጠቢያ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ በዚያው ጥግ አጠገብ ያልፋል፤ መገጣጠሚያው ላልቶ ውሃው በጋ ከክረምት አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። አሸንዳው ቢሠራም ይህ እስካለ ድረስ ጥጉ ዕረፍት አያገኝም። አዲስ ቱቦ ዘረጋ፤ የቆፈረበትን ደልድሎ ሞላው። ከተሰበረችው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎም ሁለተኛ መስተዋት ለጠፈ። ግንቦት 3።

ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ዘነበ። መስከረም ሲጠባ ሁለተኛዋ መስተዋት ደህና ነበረች።

ያኔ እናትየው ቤቱን ለሽያጭ አሰናዱ። ልጃቸው ካደረገው ውስጥ ደግ የነበረውን ሁሉ ወሰዱ፦ መስኮቶቹን ከፈቱ፣ ትርፉን ዕቃ መልሰው አላስገቡም፣ ወለሉን አሳጠቡ፣ ግቢውን አሳጨዱ። ሳሎኑን በነጭ ቀለም አስቀቡ፤ ጥጉን ግን ባለበት ተዉት፤ ሁለቱ መስተዋቶች ከነቀናቸው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን ደረደሩ፦ ካርታው፣ ከፍርድ ቤት የወጣው የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ወንዶቹ ልጆች በቆንስላ በኩል ልከው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠው ውክልና፣ የውሃና የመብራት ክፍያ፣ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን የሚያሳየው ደብዳቤ። ከወረቀቶቹ አጠገብ የግንበኛው ደረሰኝና የተሰበረው የአሸንዳ ክርን።

ደላላው ጥጉን ሲያይ ደነገጠ። «ማዘር፣ እባክዎ ይህን ያንሡት። ሰው ያያል፤ ያስደነግጣል።»

«ይደንግጥ» አሉት። «ደንግጦ ይጠይቀኝ።»

አንዳንዱ ደንግጦ ሳይጠይቅ ሄደ። እንዲያውም ብዙው እንዲያ ነው። በጥቅምት ግን ባልና ሚስት መጡ፤ ሚስትየዋ ነርስ ናት። ባልየው ቀጥታ ወደ ግቢው ወጣ፤ እሷ ጥጉ ላይ ቆመች። የተሰበረችውን መስተዋት ቀን አነበበች፣ ዝቅ ብላ የሁለተኛዋን አነበበች፣ ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች።

«እማማ፣ ይህችን ሁለተኛዋን ማስቀመጥዎ ገባኝ። የተሰበረችውን ግን ለምን ተዉአት?»

«ያችን ባላሳይሽ ይህችን በምን ታምኚኛለሽ?»

ነርሷ መልስ አልሰጠችም። ወንበር ስባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። እናትየውም ያልተጠየቁትን አንድ ነገር ጨመሩላት፦ ቦታው ነባር ይዞታ ነው፤ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፤ ይህን ከአሁኑ በወጪያችሁ ውስጥ አስቡት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ የደነገገው ነው፤ ብዙ ደላላ ግን አያነሣውም፣ ብዙ ገዢም የሚሰማው ስም ሊያዛውር ሲሄድ ነው።

ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ግንበኛ አምጥተው አሳዩ። ግንበኛቸው አሸንዳውን አየ፣ ንጣፉን አየ፣ መስተዋቶቹን አየ፤ ግድግዳውን በሽቦ መረብ አስሮ እንደገና ለመለሰን ስንት እንደሚፈጅ ነገራቸው። ያን ያህል ተቀነሰ፤ ለሥጋታቸውም ትንሽ ተጨመረ። የተሸጠበት ዋጋ ጎልማሳው በታኅሣሥ ከተስማማበት በ600,000 ብር ያንሳል።

ልጁ ከሲያትል ደወለ። «ከሰርን፣ እማዬ» አለ።

«አልከሰርንም። የስንጥቁን ከፈልን እንጂ ሌላ ምን ከፈልን?» አሉት።

ምሳሌው ይኸው ነው። ስለ ልጁ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፤ የሚፈረድበት በማሰናዳቱ አይደለም። ቤትን አጥቦ፣ አቃንቶ፣ ብርሃን አስገብቶ ማሳየት ለገዢም ለቤቱም ክብር ነው። አቧራው ሳይነሣ፣ ሽንት ቤቱ ሳይታጠብ፣ «እንዲሁ ነው የምሸጠው» እያሉ በር መክፈት ሐቀኝነት አይባልም፤ ስንፍና ነው። ልጁ ያጠፋው ከሚኖርበት አገር ሥርዓት ግማሹን ብቻ ይዞ መምጣቱ ላይ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው ስለ መሠረቱ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ፍሳሹ የሚያውቀውን ጉድለት በጽሑፍ ሞልቶ ለገዢው ይሰጣል፤ ገዢው ያንን ወረቀት ከተቀበለ በኋላ ውሉን ለመተው ሦስት የሥራ ቀን አለው። ሶፋ የሚከራየው ሻጭ ይህንንም ወረቀት ይሞላል። ልጁ አገር ቤት ሲገባ ሶፋውን አስታወሰ፣ ወረቀቱን ግን እዚያው ተወው።

እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ የሚሞላ ቅጽ ባይለመድም ግዴታው ግን አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን ይናገራል፤ በውሉ ላይ «ዋስትና የለብኝም» ብሎ ቢያስጽፍ እንኳ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሰው በዚያ አንቀጽ አይድንም። ሌላው ወገን ደግሞ ለሻጭ የሚጠቅም ነው፤ ገዢው እያወቀው የገዛውን ጉድለት ይዞ በኋላ ዋስትና ልጠይቅ ቢል ሕጉ አይሰማውም። በእነዚያ ሁለት መስተዋቶች የተጠቀመችው ነርሷ ብቻ አይደለችም፤ እናትየውም ከሸጡ በኋላ በሰላም እንዲተኙ ረድተዋቸዋል።

ግን እኔን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የከተማችን ገዢ ነው። ቤት ሊያይ የሚሄደው አስቀድሞ እንደሚታለል አምኖ ነው፤ ስለዚህ ያየውን ሁሉ በግማሽ ያምናል፣ ዋጋውንም በግማሽ ይሰጣል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ይዞ ይህንኑ አሳይቷል፦ ገዢ ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው የመካከለኛውን ያህል ይሆናል፤ ያኔ ደኅና መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፣ ብልሹው ብቻ ይቀራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ በስቱኮ የተሸፈነ እያንዳንዱ ስንጥቅ አንድ ገዢ ብቻ አይጎዳም፤ የጎረቤትን ጤነኛ ግድግዳ ዋጋ ያረክሳል። ጤነኛ ቤት ያለው ሰው «ጤነኛ ነው» ሲል የሚያምነው ያጣል።

የእናትየው ብልሃት ደግሞ ጉድለትን ከመናገርም ያልፋል። ቤታቸው ደኅና መሆኑን የሚያስረዳ ነገር ነበራቸው፤ ያልተሰበረችው መስተዋት። ብቻዋን ብትሆን ግን ማንም ሊለጥፋት ይችላል፤ በዋዜማው ለጥፎ በእርሳስ «ግንቦት 3» ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል? እውነት ያደረገቻት ከላይዋ ያለችው የተሰበረችው ናት። ሽንፈቱን ያሳየ ሰው ድሉን ሲናገር ይታመናል። ያልተሳካውን ጥገና ደረሰኝ፣ የተበላሸውን ቱቦ፣ የዘገየውን ወረቀት የሚያሳይ ሻጭ ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ ማስረዳት አይጠበቅበትም።

በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ የወላጆቻችሁን ቤት በውክልና የምትሸጡ ሰዎች ይህን እንድታስቡት እለምናለሁ። ቤቱን የምታዩት በስልክ ቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮ ብርሃን ያሳያል እንጂ እርጥበት አያሳይም። ዋጋውን ከማውጣታችሁ በፊት እናታችሁን ወይም አባታችሁን ደውላችሁ ቤቱ በየዓመቱ የት ላይ እንደሚታመም ጠይቁ፤ እዚያ የኖሩት እነሱ ናቸው፣ ያውቁታል። እዚህ ላለነውም ያው ነው። ቤት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ቀለም ቀቢውን ከመጥራቱ በፊት ግንበኛውን ይጥራ፤ ግንበኛው ያለውንም ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ።